ለቤተሰቤ የጉበት ክትባት ፍለጋ፦ አዲስ አበባ ላይ ያየሁት አገልግሎት

ታናሽ ወንድሜ መስከረም 2017 ላይ ደም ለገሰ። በኋላ ተጠርቶ ሲሄድ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ እንደተገኘበት ነገሩት። ደም ባንክ የሚሰበስበውን ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረምራል። ባይለግስ ኖሮ ዛሬም አያውቅም ነበር፤ ምንም አያመውምና። ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ያስለቀሰኝ ግን በሽታው አይደለም። እናታችን ሳህኑንና ብርጭቆውን ለይታ ለብቻው እንደምታቀርብለት ሲነግረኝ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሥራው ምክንያት ደም ሊነካው ለሚችል ሠራተኛ አሠሪው የሄፓታይተስ ቢን ክትባት በነጻ ማቅረብ ግዴታው ስለሆነ፣ በተቀጠርኩ ሰሞን ሦስቱንም መርፌ ተወግቻለሁ። ያኔ አገር ቤት ስላሉት አንድም ቀን አላሰብኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው የእኛ ቤት ሰው ሁሉ፣ እኔ ራሴም ጭምር፣ በልጅነቱ አልደረሰበትም።

ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ለገና ስገባ ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ዘጠኝ ሰው አስመርምሬ፣ ከቫይረሱ ነጻ የሆነውን ማስከተብ። ገንዘቡን ይዤ ስለሄድኩ የሚከብደኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

መጀመሪያ የገጠመኝ ግን የቤት ውስጥ ክርክር ነው። እናቴ ነገሩን የምታውቀው «የወፍ በሽታ» ብላ ነው። የሌሊት ወፍ በላዩ ካለፈች ወይም ከሸናችበት ሰውየው ቢጫ ይሆናል፤ መድኃኒቱም ከአዋቂ የሚገኝ ቅጠል ነው ትላለች። ወንድሜ ዓይኑ ነጭ፣ ፊቱ ወዝ ያለው ስለሆነ ታማሚ መሆኑን አላመነችም፤ ሳህኑን ግን ለየች። ሁለቱ ሐሳብ አብሮ እንዴት እንደኖረ ሳስበው፣ ፍርሃት ማስረጃ እንደማይጠብቅ ይገባኛል። ሄፓታይተስ ቢ በማዕድ፣ በጉርሻ፣ በመሳም አይተላለፍም። መንገዱ ደም፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነትና ወሊድ ነው። ወንዶቹ በአንድ ምላጭ ሲላጩ ግን ማንም ምንም አላለም። መለየት የነበረበት ምላጩ ነበር።

ትልቁ አጎቴ ደግሞ ክንዱን ገልጦ የፈንጣጣ ክትባቱን ጠባሳ አሳየኝ። «ክትባት የሕፃን ነው። እኔ ድሮ ጨርሻለሁ፤ ጤነኛ ሰው ደግሞ መርፌ ፍለጋ አይሄድም» አለ። «ጋሼ፣ ፈንጣጣን ከአገራችን ያጠፋው እኮ ይሄው ጠባሳዎ ነው» አልኩት። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተመዘገበው በ1968 ዓ.ም ማብቂያ ነው፤ እሱም ዘመኑን በደንብ ያስታውሳል። ዝም ብሎ ክንዱን ሲያየው ቆየና «እሺ፣ አንቺ ከከፈልሽ እመጣለሁ» አለ። የአክስቴ ልጅ ፍርሃት ሌላ ነበር። ልታገባ ነው፤ «ባይታወቅ ይሻለኛል፤ ቢገኝብኝስ?» አለችኝ። ለእሷ ቶሎ የሚሆን መልስ አላገኘሁም፤ እጇን ይዤ አብሬያት ብቻ ተቀመጥኩ።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። የበደሉኝን ስማቸውን አልጠራም።

የሄድንበት የመጀመሪያ ክሊኒክ ካርድ አስወጥቶ፣ ሁለት ሰዓት ወረፋ አስጠብቆ፣ ሁላችንንም ያለ ምርመራ ሊወጋ ነበር። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ቫይረሱ አስቀድሞ ያለበት ሰው ክትባቱ አይጠቅመውም፤ ይልቁንም «ተከትቤያለሁ» ብሎ ተረጋግቶ ሕክምናውን ሳይጀምር ይቀራል። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከፍሪጅ መቼ እንደወጣ ብጠይቅ «ከውጭ እየመጣችሁ ልታስተምሩን ትፈልጋላችሁ» ተባልኩ። የካርዱን ገንዘብ ትተን ወጣን። የጠየቅኩት ለማስተማር አልነበረም። እናቴ ነበረች ክንዷን የምትሰጠው።

ከዚያ መድኃኒት ቤት ዞርን። አንዱ ክትባቱን በፌስታል አድርጎ ሊሰጠን ፈለገ፤ ሌላው ጠርሙሱን በረዶ ላይ አጋድሞ አሳየንና «ቀዝቃዛ ነው፣ አትስጉ» አለን። ሁለቱም ስህተት ነው። ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ ከሙቀት በላይ ደግሞ የሚጎዳው በረዶ መሆን ነው። አንዴ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ክትባት ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ገዝታችሁ ተሸክማችሁ አትሂዱ፤ እዚያው ከፍሪጅ ሲወጣ እያያችሁ ተወጉ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ፎቅ ላይ ያለች ትንሽ ክሊኒክ አገኘን። ልብሴን ሳይሆን የወንድሜን ፊት አይታ ያናገረች አንዲት ሲስተር ነበረች። መጀመሪያ ሁላችሁም ደም ስጡ አለች። መርፌውን ለመውጋት ስትደርስም የፍሪጁን ቴርሞሜትር፣ የጠርሙሱን ማብቂያ ቀን አሳየችን፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት መስመር ያለው ካርድ ጽፋ ሰጠች፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። የእናቴን የወፍ ነገርም በአክብሮት ሰማቻት። «እማማ፣ ቢጫ መሆን የጉበት ምልክት መሆኑን አባቶቻችን በትክክል አይተዋል። እኛ የምንጨምረው ከመታየቱ በፊት በደም እንደሚታወቅ ነው» አለቻት። እንዲህ ሲነገራት እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቀች።

ከዘጠኙ የአንድ ሰው ውጤት ቫይረሱ አለ አለ። የእናቴ ነበር።

ሲስተሯ ለብቻዋ አስገብታ ነገረቻት። ማን ለማን እንዳስተላለፈ አላነሳችም፤ ስለ ክትትሉ ብቻ አስረዳቻት። ቫይረሱ ያለበት ሁሉ መድኃኒት እንደማይጀምር፣ የጉበት ምርመራ ታይቶ እንደሚወሰን። እኔ ግን ገብቶኛል። እናቴ እኛን ስትወልድ የመረመራት ሰው አልነበረም። የዚያን ቀን ማታ ራት ሲቀርብ የወንድሜን ሳህን ራሷ መለሰችው፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን።

ዋጋውን እዚህ ቁጥር አድርጌ አልጽፍም። ክትባቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ከተተወ ወዲህ የእኔ ቁጥር እናንተ ስታነቡት ያረጃል። ሦስት ቦታ ጠይቄም ሦስት ዋጋ ነው የሰማሁት። አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ስትደውሉም የአንዱን መርፌ ብቻ ሳይሆን የምርመራውንና የሦስቱንም ድምር ጠይቁ።

ይህን የተማርኩት ከወንድሜ ሚስት ነው። እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ሁሉንም እኔ ልከፍል ስል ተቀይማ ሲስተሯን «ጠቅላላው ስንት ነው? በስንት ጊዜ?» ብላ ጠየቀች። ድምሩን ለስድስት ወር አካፈለችውና «ይሄማ በእቁቤ ይወጣል፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ ነው» አለች። የመጀመሪያውን እኔ፣ የቀሩትን ሁለቱን ራሷ ከፈለች። ለቡና የተሰበሰቡት ጎረቤቶቿም ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የሰሟት። አንዷ «ለእድር በየወሩ የምንከፍለው ለቀብራችን ነው፤ ለዚህ እንዴት እናጣለን?» ስትል ሰማኋት። ሕዝባችን ለጤናው መክፈል አይፈልግም የሚሉ ሰዎች እዚያ ቡና ላይ ቢቀመጡ እመኛለሁ።

ያመሰገንኳት ክሊኒክም ጉድለት አለባት። ሁለተኛው መርፌ ጥር ላይ እኔ እያለሁ ስለሆነ ሁሉም ተገኙ። ሦስተኛው ሰኔ ላይ ሲደርስ ግን አንድም ሰው ደውሎ አላስታወሳቸውም። የወንድሜ ሚስት ሥራዋን ትታ ስትሄድ ክትባቱ አልቋል ተባለች፤ ሌላ ቀንም እንዲሁ። ገንዘቧን በእጇ ይዛ ሁለቴ ተመለሰች። ለሚፈራ ሰው አንዱ ምልልስ ይበቃዋል። ካርዳችሁ ላይ ቀኑ ካለፈ ግን አትተዉት፤ ሦስተኛው ዘግይቶ ቢወሰድም ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም።

በሦስተኛው ጉዞዋ አግኝታ ተወጋች። ባሏ ቫይረሱ ስላለበት ሰውነቷ መከላከያውን መሥራቱ በደም መረጋገጥ አለበት፤ ለነሐሴ ቀጠሮ ይዛለች፤ የምርመራውንም ገንዘብ እያስቀመጠች ነው። የአክስቴ ልጅ ነጻ ሆና ተገኝታ ሦስቱንም ጨርሳለች። አጎቴ ግን ሦስተኛው ይቀረዋል፤ በየሳምንቱ እደውልለታለሁ። ለእያንዳንዱ መርፌ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር የምትመጣ አክስትም አለችኝ። እዚያው ደብረ ብርሃን ለአዋቂ ክትባቱን ሳያቋርጥ የሚሰጥ ቦታ የምታውቁ ብትጽፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የቀረችው አንድ መርፌ ናት።