የቴንደርሎይን የእግር ጉብኝት፦ ለብጥብጡ ግማሽ ሰዓት፣ ለማኅበሮቹ አምስት ደቂቃ

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል። አራት ሊሆን ይችል ነበር። ለምን እንደቆረጥኩ ከታች ታገኙታላችሁ።

ነገሩ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቴንደርሎይን የሚባለው ሰፈር ውስጥ የሚካሄድ የሁለት ሰዓት የእግር ጉብኝት ነው። የሚያስጎበኙት የሰፈሩን የትራንስጀንደር ሰዎች ታሪክ ነው፣ በአጭሩ ትራንስ፤ ወንድ ተብለው ተወልደው ሴት ሆነው የሚኖሩ (ትራንስ ሴቶች) ወይም በተቃራኒው (ትራንስ ወንዶች) ማለት ነው። ለአንድ ሰው 35 ዶላር፣ ቲፕ ለብቻ። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። ጥቂት ሰዎች የሚሠሩት ትንሽ ሥራ ነው፣ ቅሬታዬም ቢፈልጉ በቀላሉ የሚያስተካክሉት ነው፣ ለዚህ ብዬ ስማቸውን ማጥፋት አልፈልግም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ምን ልታደርጊ ሄድሽ ለምትሉኝ፣ የምሠራው እዚያው አካባቢ ነው። ቴንደርሎይንን ሐበሻ የሚያውቀው ቦርሳውን ጨምድዶ ቶሎ ቶሎ የሚያልፍበት ሰፈር አድርጎ ነው። አልተሳሳተም። መንገዱ ላይ ድንኳን አለ፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ መርፌም አይጠፋም፤ ክፍት ጫማ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። የአክስቴ ልጅ ከዳላስ መጥታ ነበርና ጎልደን ጌት ድልድይ ላይ ፎቶ የማይነሳ ሰው የለም፣ ሌላ ነገር ላሳይሽ ብዬ ይዣት ሄድኩ። መጀመሪያ አኩርፋ ነበር።

መነሻው ፓወል ከሚባለው የባርት (የአካባቢው ባቡር) ጣቢያ ብዙ አይርቅም። አስጎብኚው ሽበታም፣ ቀልደኛ፣ ሰፈሩን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሰውዬ ነው። መንገድ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች በስማቸው ሰላም እያለ ነው የሚያልፈው፣ እኛንም ፎቶ እንዳናነሳቸው አስጠንቅቆናል። ይህን ወድጄለታለሁ። ማይኩ ግን ጉድ ነው። ይንኮሻኮሻል፣ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ድምፁ ይጠፋል፣ ከኋላ የቆመ ሰው ግማሹን አይሰማም።

ዋናው ፌርማታ የተርክና የቴይለር መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ነው። የኮምፕተን ካፌቴሪያ እዚህ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ርካሽ ምግብ ቤት ነበር፣ በ1960ዎቹ ለሰፈሩ ትራንስ ሴቶች ከብርድ የሚጠለሉበት ቦታ እሱ ነበር። የሚቀጥራቸው የለም፣ ደህና ቤት የሚያከራያቸው የለም፣ ብዙዎቹ የሚኖሩት መንገድ ላይ በሚያገኙት ገንዘብ ነው። የሴት ልብስ ለብሰው መገኘታቸው ብቻ ለእስር ይበቃ ነበር። በኦገስት 1966 አንድ ሌሊት ፖሊስ አንዷን ሊይዛት ሲል ቡናዋን ፊቱ ላይ ደፋችበት። ከዚያማ ስኒው፣ ሳህኑ፣ የስኳር ዕቃው ይበር ጀመር፣ መስታወቱ ረገፈ፣ ውጭ የቆመ የፖሊስ መኪና ተሰባበረ፣ የጋዜጣ መሸጫ ተቃጠለ። ይህ እንግዲህ ሁሉም ከሚያወራለት፣ ግብረ ሰዶማውያን ከፖሊስ ጋር ከተጋጩበት ከኒው ዮርኩ የስቶንዎል መጠጥ ቤት ብጥብጥ ሦስት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። በጊዜው የነበሩት ጋዜጦች ጭራሽ አልዘገቡትም። ሱዛን ስትራይከር የተባለች፣ ራሷም ትራንስ የሆነች የታሪክ ተመራማሪ በ1972ቱ የፕራይድ (የግብረ ሰዶማውያን መብት) ሰልፍ ፕሮግራም ላይ ስለ ነገሩ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ አግኝታ ባትከታተለው ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሰው ነበር? እግራችሁ ስር፣ አስፋልቱ ዳር፣ በ2006 በ40ኛ ዓመቱ የተቀበረች ሰሌዳ አለች።

አስጎብኚው ይህን ክፍል ሲተርክ ቲያትር ነው። ባዶ ስኒ ከቦርሳው ያወጣል፣ ፖሊሱንም ሴትየዋንም ራሱ ይሆናል። ቱሪስቱ ሁሉ ቪዲዮ ይቀርጻል። አሪፍ ነው፣ አልካድኩም፤ ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ከዚያ ሁለት ብሎክ ወደ ላይ ወጥተን ግላይድ ሜሞሪያል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆምን። እኔ የመጣሁት ለዚህ ነበር። አምስት ደቂቃ! ቆጥሬያለሁ።

ለምን እንደተናደድኩ ላስረዳ። ብርጭቆ መስበር የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። በማግስቱ ያችው ልጅ ቤት የላት፣ ሥራ የላት፣ መታወቂያ የላት። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ማን ደረሰላት ነው፣ መልሱ ደግሞ እዚያው ቆመን የምናየው ሕንፃ ውስጥ ነው ያለው። በ1967 ኮንቨርዥን አወር ጎል («መለወጥ ግባችን») የሚባል ቡድን ግላይድ ውስጥ መሰብሰብ ጀመረ፣ በአጭሩ ኮግ ይሉታል። ትራንስ ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው እርስ በርስ የሚመካከሩበት ሲሆን፣ በዓይነቱ ከሚታወቁት የመጀመሪያው እሱ ነው። ግላይድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ናት። ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ቫንጋርድ የሚባል የጎዳና ወጣቶች ቡድንም በግላይድ ሰዎች ድጋፍ ነበር የተነሳው። ልጆቹ ፖሊስ ሰፈሩን «ሲያጸዳ» እነሱን እንደ ቆሻሻ ስለሚጠርጋቸው ብሽቅ ብለው መጥረጊያ ይዘው ወጡና ማርኬት መንገድን ራሳቸው ጠረጉት። ይህን የመጥረጊያ ታሪክ አስጎብኚው ጨርሶ ዘሎታል። እንዴት ይዘለላል?

ከሁሉ የባሰው ግን የካርዱ ነገር ነው። በከተማዋ ጤና ቢሮ ስር ሴንተር ፎር ስፔሻል ፕሮብሌምስ የሚባል ክሊኒክ ነበር። የሰፈሩ ትራንስ ሴቶች እየተመላለሱ ወተወቱ፣ ክሊኒኩም ምክርና ሆርሞን መስጠት ጀመረ፣ በኋላ ደግሞ ካርድ። ብርቱካናማ ወረቀት ነው፣ በፕላስቲክ የታሸገ። ሰውየው ወይም ሴትየዋ የሚጠሩበት ስም አለበት፣ አድራሻ አለበት፣ ክሊኒኩ ውስጥ በሕክምና ላይ ያሉ መሆናቸውን ይገልጻል፣ ሐኪም ፈርሞበታል። በቃ ይኸው ነው። ግን አስቡት፣ መታወቂያሽ የወንድ ስም ይዞ አንቺ በቀሚስ ስትቀርቢ ባንኩም አያስገባሽ፣ አሠሪውም በር ላይ ነው የሚመልስሽ። ያች ካርድ ናት የባንክ ሒሳብ ያስከፈተች፣ ሥራ ያስቀጠረች። አስጎብኚው ይህን የተናገረው መንገድ እየተሻገርን፣ መብራቱ ሊቀየር ሲል፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ ክንዴን ይዛ «ምን አለ? ምን ካርድ?» አለችኝ። ማዶ ደርሰን ነገርኳት። «በይ ወረቀት ነዋ!» አለች። የሥራ ፈቃድ ስትጠብቅ ዓመት ያለፋት ልጅ ናት፣ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ኩርፊያዋም ያኔ ነው የለቀቃት።

አሁን ደግሞ የማመሰግንበትን ልናገር። አንዲት የሆቴል በር ላይ ሽንት ቤት የገቡ ሰዎች እየጠበቅን ሳለ ሰውዬው ስለ ሎስ አንጀለስ አንድ ታሪክ አወራልን። ከጉብኝቱ ሁሉ ምርጡ እሱ ነበር፣ ያውም ፕሮግራሙ ውስጥ የለም። ቨርጂኒያ ፕሪንስ የምትባል ሰው በ1960 ትራንስቬስቲያ የሚል መጽሔት ጀመረች። መነሻው 100 ዶላር ነበር፣ ከ25 ሰው አራት አራት ዶላር ተዋጥቶ። አንባቢዎቹ በአብዛኛው ሚስትና ልጅ ያላቸው፣ ጥሩ ሥራ ያላቸው፣ በድብቅ የሴት ልብስ የሚለብሱ ወንዶች ናቸው። ቀጥሎ በአካል እንገናኝ ተባለ። ችግሩ ማን ማንን ያምናል? ከመሃላቸው አንዱ ፖሊስ ቢሆንስ? እንዲህ ተደረገ። ሁሉም በወንድ ልብሱ ይምጣ፣ ግን በከረጢት ስቶኪንግና ባለ ተረከዝ ጫማ ይያዝ። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው፣ ተያይተው፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጫማውን አወለቀና ስቶኪንጉን አጠለቀ። ሁሉም እኩል የሚያስጠረጥር ነገር ስለሠራ ማንም ማንን አይጠቁምም። የክለቡም ስም ከዚሁ መጣ፣ የስቶኪንግና የተረከዝ ክለብ። እኔ ይህን ስሰማ የሳቅኩትና ልቤ የተነካው እኩል ነው፤ ጎልማሳ ሰዎች፣ ባለ ከረባት፣ ጎንበስ ብለው ስቶኪንግ ሲስቡ።

ጥያቄ ጠየቅሁት። ሁሉም ሰው ይገባ ነበር ወይ አልኩት። ሳይሸፋፍን መለሰ። አይገባም። የፕሪንስ ማኅበር ግብረ ሰዶማውያንን አይቀበልም፣ የጾታ ለውጥ ቀዶ ሕክምና የሚፈልጉትንም አይቀበልም ነበር። እኛ የተከበርን ሰዎች ነን ነው ነገሩ። ከውጭ የተገፋ ሰው ውስጥ ሆኖ ሌላውን ሲገፋ ማየት ይገርማል፣ ሰውዬው ግን አላድበሰበሰውም፣ ለዚህ ግማሽ ኮከብ መልሼለታለሁ።

ግን ደግሞ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄደህ የራስህን ከተማ ሰው ትረሳለህ? ሉዊዝ ሎረንስ እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ ነበረች። ከ1940ዎቹ ጀምራ ሴት ሆና የኖረች ትራንስ ሴት ናት። መጽሔት ላይ ማስታወቂያ ታወጣለች፣ የሴት ልብስ ለብሶ ታሰረ የሚል ዜና ጋዜጣ ላይ ስታይ ለሰውዬው ደብዳቤ ትጽፋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ከአገር ውስጥም ከውጭም የሚጻጻፉ ሰዎች አድራሻ አከማቸች። ዝነኛው የወሲብ ተመራማሪ አልፍሬድ ኪንሲ ራሱ ከእሷ ነበር የሚማረው። የፕሪንስ መጽሔትም መጀመሪያ አንባቢ ያገኘው በእሷ አድራሻዎች ጭምር ነው። ቡድኖቹ ሳይኖሩ በፊት ቡድኑ እሷ ነበረች ማለት ይቻላል። በጉብኝቱ ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳም።

ሪድ ኤሪክሰንም እንዲሁ ነው የተጎዳው። ከአባቱ የወረሰው የብረታ ብረት ንግድ ያበለጸገው፣ ራሱ ትራንስ ወንድ የሆነ ሀብታም ነው። በ1964 በስሙ ድርጅት አቋቋመ፣ ለሐኪሞች ምርምር ከፈለ፣ ለትራንስ ሰዎች መረጃ የያዙ ትንንሽ መጻሕፍት አሳትሞ አሰራጨ። አስጎብኚው ስለ እሱ የነገረን ቤቱ ውስጥ ነብር ያረባ እንደነበር ብቻ ነው! ነብሩ እውነት ነው፣ ስሙም ሄንሪ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ አለፈ። እዚሁ ከተማ በ1968 ናሽናል ትራንስሴክሹዋል ካውንስሊንግ ዩኒት የሚባል ቢሮ ሲከፈት ኪራዩንና የአማካሪዎቹን ደመወዝ የከፈለው የዚህ ሰውዬ ገንዘብ ነው። አማካሪዎቹ ራሳቸው ትራንስ ናቸው፣ ደመወዝ ይከፈላቸዋል፣ በዚያ ዘመን!

ቢሮው እንዲቆም የረዳው ደግሞ፣ አትገረሙ፣ ፖሊስ ነው። ሳጅን ኤሊዮት ብላክስቶን ይባላል። ከ1962 ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ ከነዚህ ሰዎች ጋር እንዲያገናኝ የመደበው ነው። ለሆርሞን የሚከፍሉት ላጡት የራሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ግን አልወደዱለትም። በ1973 ፖሊስ ያንኑ ቢሮ በአደንዛዥ ዕፅ ሰበብ ወረረው፣ ከዚያ ወዲያ አላገገመም። አስጎብኚው ብላክስቶንን አመስግኖ ወረራውን ተወው። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፣ ጉብኝቱ በደስታ እንዲያልቅ ነው። እኔ ግን ለደስታ አይደለም የከፈልኩት።

ማለቂያው ላይ ስለ ትራንስ ወንዶች አንድ ነገር ይኖራል ብዬ ስጠብቅ ምንም። ሉ ሱሊቫን እዚሁ ከተማ በ1986 የትራንስ ወንዶችን ስብሰባ ጀመረ፣ በቀጣዩ ዓመት ኤፍቲኤም («ከሴት ወደ ወንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ምህጻር) የሚባል የዜና መጽሔት ማውጣት ቀጠለ፣ ያ ቡድን በኋላ ዓለም አቀፍ ሆነ። የኤሪክሰን ድርጅት ሲዘጋ የመረጃ ሥራውን የተረከበው ጃኑስ የሚባለው ተቋም ውስጥ በፈቃደኝነት ያማክር የነበረውም እሱ ነው። ክሊኒኮቹ ወንድ ሆነህ ወንድ ትወዳለህ ብለው ሕክምና ከልክለውት ነበር። በ1991 በኤድስ ሞተ፣ ገና አርባም አልሞላውም። ይኼ ሁሉ በአንድ ፌርማታ የሚነገር ነው፣ ካስፈለገ የስኒው ቲያትር ይጠር።

እንግዲህ ልሂድ ወይ ለምትሉ፣ ሂዱ። ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅ ሰው ጥሩ መግቢያ ነው፣ አስጎብኚው ጥያቄ ሲጠየቅ ያበራል፣ ስለዚህ ዝም ብላችሁ አትከተሉት፣ ጠይቁት። ስለ ካርዱ ጠይቁ፣ ስለ ሉዊዝ ሎረንስ ጠይቁ። ፊት ፊት ቁሙ፣ ማይኩን አትመኑት። ልጅ ይዞ መሄድ አልመክርም፣ በመንገዱ ምክንያት እንጂ በወሬው አይደለም። ሱሊቫን ራሱ ካቋቋሙት አንዱ የሆነው የኤልጂቢቲ (የግብረ ሰዶማውያንና የትራንስ ሰዎች) ታሪክ ማኅበር ካስትሮ ሰፈር፣ 18ኛ መንገድ ላይ ሙዚየም አለው፣ ትንሽ ነው፤ ጉብኝቱ የዘለለውን ለመሙላት በዚያው ቀን ከሰዓት ብትሄዱ ይመቻል። ረሃብ ከያዛችሁ ደግሞ ኤሊስ መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ አለ፤ እኛ ሽሮ አዘን ነበር፣ የአክስቴ ልጅ ምግቡ እስኪመጣ ስልኳ ላይ ያንን ብርቱካናማ ካርድ ስትፈልግ ቆየች።