ስድስት ቅዳሜ በኮምቦልቻ፦ የፕሮዳክት ማኔጅመንትና የአመራር ሥልጠናው እንዴት ነበር?

በምሠራበት የዱቄት ፋብሪካ የማሸጊያው መጠን፣ ዋጋውና ስርጭቱ የእኔ ኃላፊነት ሲሆን፣ የማምረቻው ኃላፊም ሆኑ የሽያጭ ሠራተኞቹ ግን በእኔ ሥር አይደሉም። ሥልጣን በሌለኝ ቦታ ሰው ማሳመን ስለከበደኝ፣ ባለፈው ክረምት የሐረጎን ጠመዝማዛ በጉም ውስጥ እየወረድኩ ከደሴ ኮምቦልቻ ስድስት ቅዳሜ ተመላልሼ ፕሮዳክት ማኔጅመንትን፣ ማለትም አንድን ምርት ከማሸጊያው እስከ ሽያጩ ይዞ መምራትን፣ ከአመራር ጋር ሠለጠንኩ።

የሥልጠናው ትልቁ ብርታት ንባቡን ከሥራ ጋር ማያያዙ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ያነበብነው፣ የአሜሪካው ሳሙና አምራች የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ሠራተኛ የነበረው ኒል ማክኤልሮይ እ.ኤ.አ. በ1931 ለአለቆቹ የጻፈውን ማስታወሻ ነበር። የያዘው ካሜይ የተባለ ሳሙና በዚያው ድርጅት ታዋቂ ሳሙና በአይቮሪ ተጋርዶበት ስለነበር፣ እያንዳንዱ ምርት የራሱ ኃላፊ እንዲኖረውና ኃላፊውም ሽያጭ በደከመበት አካባቢ ራሱ ሄዶ ነጋዴውን እንዲያነጋግር ሐሳብ አቀረበ። አሠልጣኛችን በማስነበብ ብቻ አላበቃም፤ ሰኞ ዕለት ደሴ ሰኞ ገበያ ወርደን ያንኑ እንድናደርግ አዘዘን።

እኔ የ25 ኪሎው ዱቄታችን የማይነሣው በዋጋው ነው ብዬ ለወራት ስከራከር ቆይቻለሁ። ገበያው ውስጥ አንዲት እናት ጆንያችንን በቢላ ከፍተው፣ እየመዘኑ በፌስታል አንድ አንድ ኪሎ ሲቋጥሩ አገኘኋቸው። ዋጋው ከብዶዎት እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ ዋጋውስ ደህና ነው፤ ጆንያውን እንዳለ የሚያነሣ ሰው ነው የጠፋው» አሉኝና መሬት የፈሰሰውን ዱቄት በመዳፋቸው መሰብሰብ ቀጠሉ። ከእሳቸው የገዛሁትን አንድ ፌስታል፣ ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ጋር፣ በማግስቱ የማምረቻው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ በፊት በሦስት ስብሰባ ያልተሳካልኝ የ2 ኪሎ ማሸጊያ በዚያው ሳምንት ለሙከራ ተፈቀደ።

የአመራሩ ክፍል ግን በእጅጉ አሳዝኖኛል። ብዙዎቻችንን ያመጣን እሱ ሆኖ ሳለ በአንድ ቅዳሜ ብቻ፣ ያለ አንዳች ልምምድ፣ በስላይድ ተነቦ አለፈ። ንባቡም በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ዓርብ ማታ በቴሌግራም ይላክልን ስለነበር፣ ሙሉ ሳምንት ሲሠራ ለሚውል ሰው አንብቦ መድረስ አይቻልም።

ክፍያው ላገኘሁት ትምህርት አልበዛብኝም። በእጁ የያዘው ምርት ላለው ሰው ከልቤ እመክረዋለሁ፤ የሚመዘገብ ሰው ንባቡ ከሳምንት በፊት እንዲሰጠው አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ለገበያው ሰኞም ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ይያዝ።