አማዞን ኤስ3፣ ክላውድፍሌር አር2፣ ባክብሌዝ ቢ2 እና ዋሳቢ፦ የትኛው ለየትኛው ሥራ?

የክላውድ ኦብጀክት ማከማቻ፣ ማለትም ፋይሎችን በኢንተርኔት በኩል በኩባንያ ሰርቨሮች ላይ የማስቀመጥ አገልግሎት፣ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ለማስቀመጫ በወር የሚከፈለውን ዋጋ ነው፤ ሒሳቡን የሚያንረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማከማቻው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው የዳታ መጠን ነው። ከዚህ በታች ያሉት አኃዞች አቅራቢዎቹ እ.ኤ.አ. በ2024 በይፋ ያስቀመጧቸው ሲሆኑ፣ የአማዞኑ የሰሜን ቨርጂኒያ ክልል (ሰርቨሮቹ የሚገኙበት አካባቢ) ዋጋ ነው።

አንድ ቴራባይት ለማስቀመጥ ኤስ3 በመደበኛው ደረጃ በወር 23 ዶላር ገደማ፣ አር2 15 ዶላር፣ ዋሳቢ 6.99 ዶላር፣ ቢ2 ደግሞ 6 ዶላር ያስከፍላሉ። ይህ አንድ ቴራባይት ምስልና ቪዲዮ ቢሆንና ጎብኚዎች በወር 5 ቴራባይት ቢያወርዱ ግን የዋጋው ቅደም ተከተል ይለወጣል። ኤስ3 የወሩን የመጀመሪያ 100 ጊጋባይት በነፃ ከለቀቀ በኋላ ለእያንዳንዱ ጊጋባይት 0.09 ዶላር ስለሚቆጥር፣ ለማውጣት ብቻ 441 ዶላር ይጠይቃል። ቢ2 የተቀመጠውን ሦስት እጥፍ በነፃ ስለሚያወጣ ለቀሪው 2 ቴራባይት 20 ዶላር ይጨምራል፤ አር2 ለማውጣት ምንም አያስከፍልም። ዋሳቢም የማውጫ ክፍያ የለውም፤ ሆኖም በደንቡ መሠረት በወር የሚወጣው ዳታ ከተቀመጠው መብለጥ ስለሌለበት ለዚህ ሥራ አይሆንም። የጎብኚው ቁጥር በማይገመትበት ድረ ገጽ እኔ አር2ን አስቀድማለሁ፤ ቢ2 በማስቀመጫ ቢረክስም፣ ከሦስት እጥፉ በላይ የሚወጣውን በየወሩ መከታተል ይጠይቃል።

ፋይል በተነበበ ወይም በተጻፈ ቁጥር የሚቆጠረው የጥያቄ ክፍያ ልዩነት እምብዛም አያሳስብም፤ ለአንድ ሚሊዮን የማንበብ ጥያቄ ኤስ3 0.40 ዶላር፣ አር2 0.36 ዶላር ይወስዳሉ።

ዳታውን የሚያነበው ፕሮግራም በአማዞን ሰርቨር ላይ፣ ያውም በዚያው ክልል ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ግን ከኤስ3 ለማውጣት ክፍያ የለም። እንዲህ ላለው ገዢ ርካሽ ፍለጋ ወደ ውጭ መሄድ ፍጥነትን ከማጣት በቀር የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

ለመጠባበቂያ ቅጂ ስሌቱ ሌላ ነው። በኤስ3 እጅግ ርካሽ በሆነው የዲፕ አርካይቭ ደረጃ 10 ቴራባይት በወር 10 ዶላር ያህል ሲያስወጣ በቢ2 60 ዶላር ነው። ቅጂው በሙሉ ሲፈለግ ግን ዲፕ አርካይቭ እስከ 12 ሰዓት ያስጠብቃል፤ በማስመለሻና በማውጫ ክፍያም ወደ 1,090 ዶላር ይደርሳል፣ ቢ2 ደግሞ በነፃ ይመልሰዋል። ስለዚህ ቅጂውን በ22 ወር ገደማ አንድ ጊዜ እንኳ በሙሉ የሚያወርድ ሰው በዲፕ አርካይቭ ያተረፈው ሁሉ ተመልሶ ይሄድበታል፤ ለሕግ ሲባል ብቻ ለዓመታት የሚቀመጥ መዝገብ ያለው ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ዋሳቢ በመጠባበቂያ ቅጂ ረገድ ጥሩ ተወዳዳሪ ቢሆንም፣ በመደበኛው ውሉ ቢያንስ የ1 ቴራባይት ክፍያ ይጠይቃል፣ ከተቀመጠ 90 ቀን ሳይሞላው የተሰረዘ ፋይልንም እስከ 90ኛው ቀን ድረስ ያስከፍላል። የቆየ ቅጂን በየሳምንቱ የሚሰርዝ ሶፍትዌር የሚጠቀም ገዢ የሌለ ፋይል ኪራይ ይከፍላል ማለት ነው።

አር2፣ ቢ2 እና ዋሳቢ የኤስ3ን ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ከማከማቻው ጋር የሚነጋገሩበትን ትእዛዝ) ስለሚቀበሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር ብዙውን ጊዜ አድራሻና ቁልፍ መቀየር ይበቃል፤ የማይክሮሶፍቱ አዙር ብሎብ ግን የራሱ ኤፒአይ ስላለው ኮድ ማስተካከልን ይጠይቃል።