ለፈረሰ ቤት፦ ሜሽሩም ወይስ ኤፍስፓይ ከብሌንደር ጋር?

አቃቂ አካባቢ በድሮው የባቡር መስመር ዳር የነበረ ቤትን በኮምፒውተር መልሶ ማቆም የሚፈልግ ሰው፣ ብዙ ጊዜ እጁ ላይ ያለው ሁለት ሦስት የቤተሰብ ፎቶ ነው።

ሜሽሩም ነፃ የፎቶግራሜትሪ ሶፍትዌር ነው፤ ማለትም ከብዙ ፎቶዎች ባለ ሦስት ገጽታ (3D) ሞዴል ያወጣል። በፎቶዎቹ ላይ ተመሳሳይ ነጥቦችን ራሱ ፈልጎ ያዛምድና ካሜራው የት እንደቆመ ያሰላል። ግን ፎቶዎቹ ከ60 እስከ 80 በመቶ ቢደራረቡ ነው የሚመቸው። አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከጎን፣ ያውም በተለያየ ዓመት ከተነሳ አይሆንለትም። ቤቱ ዛሬም ካለ ግን ሌላ አትፈልጉ፤ ዙሪያውን እየዞራችሁ በስልክ አንሱትና ስጡት።

ለፈረሰ ቤት የእኔ ምርጫ ኤፍስፓይና ብሌንደር ነው። ኤፍስፓይ ፎቶው ከየት እንደተነሳ ማስያ፣ ብሌንደር ደግሞ ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የጣሪያውን ጠርዝና የመስኮቶቹን መስመር ኤፍስፓይ ላይ ታሰምራላችሁ፤ እሱ ከመስመሮቹ አቅጣጫ ተነስቶ የካሜራውን አቋም ያወጣል። አንድ ፎቶ ይበቃዋል። ዳርና ዳሩ የተቆረጠ ፎቶ ግን ስሌቱን ያዛባዋል። ልኩን ለማግኘት መጠኑ የሚታወቅ ነገር ፈልጉ። በድሮው መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው፤ ፎቶው ውስጥ ከገባ ትልቅ ሲሳይ ነው።

ከዚያ በኋላ ብሌንደር ላይ ግድግዳውን በእጅ ማቆም ጊዜ ይበላል። ግን ያዋጣል። በ2001 እ.ኤ.አ. የፈረሰው፣ አፍጋኒስታን ውስጥ የነበረው የባሚያን ትልቁ የቡድሃ ሐውልት በ1970 ከተነሱ 3 ፎቶዎች ዙሪክ ውስጥ በኮምፒውተር ሲሠራ፣ የልብሱን እጥፋት አጥርቶ ያወጣው ኮምፒውተሩ ራሱ የሠራው ሳይሆን ፎቶዎቹ ላይ በእጅ የተለካው ሞዴል ነው።

አደራ፣ ፎቶ ላይ ያልታየውን የቤቱን ጀርባ በሌላ ቀለም ቀቡት። ግምት መሆኑ ይታወቅ።