ቴሌብር ለትንሽ ሱቅ፦ ምን ያቀልላል፣ የት ያስቸግራል?

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ለባለሱቅ ያመጣው ትልቁ እፎይታ ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ከመሮጥ መገላገል ነው። ሂሳቡ 47 ብር ከሆነ 47 ብር ይከፈላል፤ አለቀ። ስማርት ስልክ የሌለው ደንበኛም *127# ደውሎ ያለ ኢንተርኔት ይከፍላል። ኔትወርክ ጭራሽ ሲጠፋ ግን ሁለቱም መንገድ ይዘጋልና መሳቢያው ውስጥ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ አይጥፋ።

ጣጣው ያለው ማረጋገጡ ላይ ነው። ደንበኛው ስልኩን ዘርግቶ የሚያሳየው የክፍያ ምስል ማስረጃ አይሆንም፤ የትናንት ወይም ተቀነባብሮ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከግል ስልክ ቁጥር የመጣ "ብር ተልኮልዎታል" የሚል መልእክትም፣ ጽሑፉ ቁርጥ ትክክለኛውን ቢመስልም፣ ሐሰተኛ ነው። ዕቃው ከመሰጠቱ በፊት በራስ መተግበሪያ የግብይት ታሪኩን ከፍቶ መጠኑን፣ ሰዓቱንና የግብይት ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል። ወረፋ ሲበዛ ያሰለቻል፤ አጭበርባሪም የሚመጣው ያኔ ነው። "በስህተት ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ" የሚል ደዋይም ቀሪ ሂሳብ ሳይታይ አይመለስለትም።

የግል ስልክ ቁጥርን ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይመከርም። ብር ለመላክ ቁጥሩን ያስገባ ሁሉ የባለቤቱን ስም ያያልና። የነጋዴ አካውንት ከፍቶ ኪውአር ኮዱን መስቀል ይሻላል፤ የሱቁ ገቢም ከቤት ወጪ ጋር አይደባለቅም። ኮዱን በየጠዋቱ በራስ ስልክ ስካን አድርጎ የሚመጣው ስም የሱቁ መሆኑን ማየት ነው፣ ሌላ ሰው የራሱን ሊለጥፍበት ስለሚችል። የምስጢር ቁጥሩ ደግሞ ለሠራተኛም ቢሆን አይሰጥም።