ፖኬሞን ኤመራልድና የውሃው ሰውዬ ዋላስ፣ ሁለቴ ያሸነፍኩት ቦስ

ስለ ፖኬሞን ኤመራልድ ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ ግን በጀመርኩ ቁጥር ወሬው ሁሉ የጌሙ የመጨረሻ ቦስ፣ ቻምፒዮኑ ዋላስ ጋር ይሄድብኛል። ስለዚ በቃ ስለሱ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ጌሙን ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉኝ ሰዎች የኔ መልስ ከዚ ሰውዬ ጋር የተያያዘ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ኤመራልድ ፖኬሞን የሚባሉ ፍጥረታትን እየያዛችሁ ምታፋልሙበት የጌም ቦይ አድቫንስ ጌም ነው፣ ጃፓን ውስጥ በ2004 ወጣ፣ አሜሪካና አውሮፓ ደግሞ በ2005። ታሪኩ ከሱ በፊት እንደወጡት እንደ ሩቢና ሳፋየር ሆዌን የሚባል ሀገር ላይ ነው። አሁን ካርትሪጁን ፈልጋችሁ ብታገኙ ያገለገለ ነው፣ ፌኩ ደግሞ ሞልቷል። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ፌክ መሆኑን ያወቅኩት ስንት ሳምንት ከተጫወትኩ በኋላ ነው፣ ዋላስን በስንት መከራ አሸንፌ፣ የመጨረሻው ክሬዲት ሲያልፍ እስከ ጥግ ቁጭ ብዬ አይቼ፣ በማግስቱ ስከፍተው ሴቩ የለም። ኒው ጌም ብቻ ነው ሚለው። ያን ቀን ያዘንኩትን አልረሳውም። ፌክ ካርትሪጅ ላይ ይሄ የታወቀ ችግር ነው፣ ሁሉን ነገር እሺ ብሎ ይጫወትና ልክ ቻምፒዮኑን ስታሸንፉና ጌሙ ራሱ ሴቭ ሲያደርግ ይበላሻል። የሸጠልኝ ሰው ያውቅ ይሁን አያውቅ እግዜር ይወቅ፣ ብቻ ብሩን አልመለሰልኝም።

ኋላ ላይ እህቴ ከውጭ ስትመጣ ኦሪጅናሉን ይዛልኝ መጣች። ኦሪጅናሉ ብርሃን የሚያሳልፍ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው፣ ስቲከሩን ወደ መብራት አዘንብላችሁ ብታዩት ተጭኖ የታተመ ትንሽ ቁጥር ይታያችኋል። ስትከፍቱት የውስጡ ባትሪ አልቋል ሚል ጽሁፍ ከመጣ ደግሞ አትደንግጡ፣ ሴቩ በባትሪው አይደለም ሚቀመጠው፣ ሚቆመው ሰዓቱ ነው፣ ቤሪ የሚባለው የጌሙ ፍሬ አያድግም እንደዛ አይነት ነገር። ባትሪው ሲአር 1616 ነው፣ መበየድ ሚችል ሰው ይቀይርላችኋል።

እና ዋላስ። ሩቢና ሳፋየርን የተጫወተ ሰው ዋላስን ሚያውቀው ስምንተኛው ጂም ሊደር ሆኖ ነው፣ ማለትም ከቻምፒዮኑ በፊት ከምታሸንፏቸው ስምንት የጂም አለቆች የመጨረሻው። እውነቱን ልናገር፣ እዛ ጌም ላይ ብዙም አይከብድም። አንዱ ፖኬሞኑ ለቭዲስክ ነው፣ ያቺ የልብ ቅርጽ ያላት ዓሣ፣ ለስምንተኛ ጂም በጣም ደካማ ናት። ያኔ ቻምፒዮኑ ስቲቨን ነበር፣ የብረት ፖኬሞኖቹን ይዞ። ኤመራልድ ላይ ስቲቨን ከወንበሩ ተነሳና ዋላስ ቻምፒዮን ሆነ፣ ጂሙን ደግሞ ዋላስን ያስተማረው ሁዋን የሚባለው ሰውዬ ተረከበው። ለምን ስቲቨንን ቀየሩት ብለው እስከዛሬ ሚናደዱ ሰዎች አሉ፣ ይገባኛል፣ ጌሙ ራሱ ምክንያቱን በደንብ አላስረዳም። እኔ ግን ቅያሬው ትክክል ነበር ባይ ነኝ።

ሆዌን ማለት ግማሹ ባህር ነው። በ2014 አዲስ ተሰርተው የወጡትን ኦሜጋ ሩቢና አልፋ ሳፋየርን አይጂኤን የሚባለው የጌም ድረገጽ ከ10 7.8 ሲሰጣቸው ካነሳቸው ጉድለቶች አንዱ ውሃ በዛ የሚል ነበር፣ ኢንተርኔት ላይ ስንት ዓመት ተሳቀበት። ነገሩ ግን እውነትነት አለው፣ ከሊሊኮቭ ከተማ በኋላ ያለው ጉዞ በሙሉ ባህር ነው፣ ሁለት እርምጃ በሄዳችሁ ቁጥር ቴንታኩል የሚባል የባህር ፖኬሞን ነው ሚወጣባችሁ። እንዲህ ያለ ሀገር ላይ ታዲያ መጨረሻ ላይ የሚጠብቃችሁ ሰው የውሃ ሰው ካልሆነ ያ ሁሉ ባህር ምን ሊያደርግ ነው? ዋላስ ዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ ያቋረጣችሁት ውሃ ሁሉ ወደሱ ሲወስዳችሁ እንደነበር ነው ሚሰማችሁ።

ይሄን በወሬ ብቻ አይደለም ያሳዩት። ሱቶፖሊስ የሱ ከተማ ናት፣ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ዙሪያዋን ገደል የከበባት ነጭ ከተማ፣ መጀመሪያ ምትገቡት ባህር ስር ጠልቃችሁ ነው። እዛ ካዮግርና ግራውደን የሚባሉት ግዙፍ የባህርና የመሬት ፖኬሞኖች ተያይዘው ሲታገሉ፣ ዝናቡና ፀሐዩ እየተፈራረቀ፣ ዋላስ ሁለቱን የሚያስታግሰው ፖኬሞን ሬይኳዛ የት እንዳለ ታውቃለህ ወይ ብሎ ሚጠይቀው እናንተን ነው። ትልቅ ሰው ሆኖ አላውቅም ብሎ ልጅ መጠየቁ ደስ ይለኛል። ሬይኳዛ መጥቶ ሁለቱን ካስታገሰ በኋላ ደግሞ ዋላስ ዋተርፎልን ይሰጣችኋል፣ ፏፏቴ መውጫውን። ወደ ኤቨር ግራንዴ፣ ቻምፒዮኑ ወዳለበት ሊግ፣ ያለ እሱ አትወጡም። ማለትም ወደሱ የምትወጡበትን መንገድ በገዛ እጁ የሰጣችሁ እሱ ነው! ይሄን ያስተዋልኩት ሁለተኛ ጊዜ ስጫወት ነው፣ ልቤን ነካኝ።

አሁን ወደ ፍልሚያው። ውሃ በመብረቅና በቅጠል ስለሚጎዳ፣ የውሃ ቦስ ሲባል ብዙ ሰው ሚያስበው ኤሌክትሪክ ይዤ ሄጄ ጨርሼው እመጣለሁ ነው። እኔም እንደዛ ነበር ያሰብኩት፣ የመብረቁ ማኔክትሪክ አለኝ፣ ስታርተሬ (መጀመሪያ የተሰጠኝ ፖኬሞን) የቅጠሉ ሴፕታይል ነው፣ መብረቅም ቅጠልም አለኝ ከዚ በላይ ምን ልፈልግ አልኩ። ዋላስ ስድስት ፖኬሞን አለው ሌቭላቸው ከ55 እስከ 58፣ ስድስቱም ውሃ ናቸው፣ ግን አራቱ ሁለተኛ ታይፕ (ዓይነት) አላቸው፣ የሰውዬው ብልሃት እዚ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዌይሎርድ ይወጣል፣ ያ ዓሣ ነባሪው። ዋተር ስፓውት የሚባለው ሙቩ (ምቱ) ሄልዙ (ጤናው) ሙሉ ሲሆን 150 ፓወር አለው፣ የውሃ ምትን የሚያጠነክረውን ዝናብ በሬይን ዳንስ ካመጣበት ደግሞ አትጠይቁኝ። ስለዚ መጀመሪያ መምታት አለባችሁ፣ በመታችሁት ቁጥር ሙቩ እየደከመ ይሄዳል። ማኔክትሪክ ለሱ በቂ ነው። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ዊስካሽን አወጣብኝ፣ እሱ ውሃም መሬትም ስለሆነ መብረቅ ጭራሽ አይነካውም፣ በኧርዝኩዌክ ማኔክትሪኬን በአንድ ምት ጣለው። ጋያራዶስ በመብረቅ አራት እጥፍ ይጎዳል፣ ግን እሱም ኧርዝኩዌክ ይዟል፣ ቀድሞ ፍጥነት የሚጨምረውን ድራገን ዳንስ ካደረገ ይቀድማችኋል። ሴፕታይል ዊስካሽን በሊፍ ብሌድ ይጨርሰዋል፣ እሺ፣ ቴንታክሩዌል ግን መርዝም ስለሆነ ቅጠሉ ብዙም አይሰራበትም፣ እሱ ደግሞ በስላጅ ቦምብም በአይስ ቢምም ሴፕታይልን ያንበረክካል። ሉዲኮሎ ውሃና ቅጠል ስለሆነ መብረቁም ቅጠሉም እንደ ተራ ምት ነው ሚሆንበት። በቃ አንድ መፍትሄ ይዞ የመጣን ሰው እንዲቀጣ ታስቦ የተሰራ ቲም ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ሦስት ጊዜ ተሸንፌያለሁ፣ ለያንዳንዱ ሽንፈት ደግሞ ከሱ በፊት ያሉትን አራቱን ኢሊቶች እንደገና ከዜሮ።

መጨረሻ ላይ ሚሎቲክ አለች፣ ሌቭል 58። ሰርፍ፣ አይስ ቢም፣ ቶክሲክ፣ ሪከቨር። ልትጥሏት ስትደርሱ ሪከቨር ታደርጋለች (ጤናዋን ትመልሳለች)፣ እናንተ ደግሞ በቶክሲኩ በየተራው እያለቃችሁ ነው። እሷን መልሼ ልመርዛት ብላችሁ እንዳትሞክሩ፣ ማርቨል ስኬል የሚባል አቢሊቲ (የተፈጥሮ ችሎታ) አላት፣ ስትታመም ዲፌንሷ በግማሽ ይጨምራል።

እኔን ያዳነኝ ስዌሎው ነው፣ ከጌሙ መጀመሪያ ጀምሮ ይዤው የመጣሁት ወፍ። ስዌሎው ጋትስ የሚባል አቢሊቲ አለው፣ ሲታመም አታኩ በግማሽ ይጨምራል፣ ፋሳድ የሚባለው ሙቭ ደግሞ ታማችሁ ከሆነ ፓወሩ እጥፍ ይሆናል። ሚሎቲክ ቶክሲኳን ስትለቅበት ጥፋቷን ራሷ ጠራች፣ በሁለት ምት ወደቀች። ያንን ፋሳድ ደግሞ ማን እንደሰጠኝ ታውቃላችሁ? ኖርማን፣ አምስተኛው ጂም ሊደር፣ ጌሙ ላይ አባታችሁ የሆነው። አባቴ የሰጠኝን ይዤ ቻምፒዮኑን አሸነፍኩ ብዬ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ።

ስለ ሚሎቲክ ሌላም ነገር አለ፣ ከዋላስ ጋር በጣም ሚሄድ። ሚሎቲክ ምትመጣው ከፊባስ ነው፣ ፊባስ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ ሚያያት ዓይነት ዓሣ አይደለችም፣ የተቦጫጨቀች ምስኪን ናት። መንገድ 119 ላይ ካለው ወንዝ ውስጥ ስድስት ካሬ ላይ ብቻ ነው ምትገኘው፣ የትኞቹ ስድስት እንደሆኑ አይነግሯችሁም። ስታገኟት ደግሞ ሌቭል በመጨመር ብቻ አትለወጥም፣ ሰማያዊ ፖኬብሎክ የሚባል የፖኬሞን ምግብ እያበላችሁ ውበቷን 170 ማድረስ አለባችሁ። የዋላስ ነገር ሁሉ ውበት ነው፣ ልብሱ፣ አነጋገሩ፣ ፖኬሞኖቹ፣ እና ዋናዋ ፖኬሞኑ በጉልበት ሳይሆን በእንክብካቤ የተገኘች መሆኗ አጋጣሚ አይመስለኝም። ያቺን ሚሎቲክ ስታዩ ሰውዬው ስንት ሰዓት ወንዝ ዳር ቁጭ እንዳለ መገመት ትችላላችሁ።

ሚያናድዱ ነገሮችም አሉ። ሉዲኮሎ ምት የሚያስስተውን ዳብል ቲምና ጤና የሚመጥጠውን ሊች ሲድ ሲደራርብ ፍልሚያው አሰልቺ ይሆናል፣ ምታችሁ እየሳተ አስር ደቂቃ ሙሉ እሱን ብቻ ታባርራላችሁ። ዋላስ ደግሞ አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ሊገድላችሁ ሲችል ዝናብ ያዘንባል። ከፍልሚያው በኋላም ስለሱ ብዙ አይነግሩንም፣ ቻምፒዮን እንዴት ሆነ፣ ከስቲቨን ጋር ምን ተባባሉ፣ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ምን ነበረበት። የ2014ቱ ላይ ደግሞ ወደ ጂም ሊደርነት መለሱት፣ እኔ በጣም ነው ያዘንኩት።

ሩቢን ወይ ሳፋየርን ብቻ የተጫወታችሁ ኤመራልድን ግዙ፣ ኦሪጅናል መሆኑን አረጋግጣችሁ ግዙ። ቲማችሁ ውስጥ ከኤሌክትሪክና ከቅጠል ሌላ ሉዲኮሎን ሚመታ ወፍ ይኑራችሁ፣ ፉል ሪስቶሮቻችሁን (ሙሉ ጤና የሚመልሱትን) ከዋላስ በፊት ያለው የመጨረሻው ኢሊት ድሬክ ላይ አትጨርሱ። ዋላስን ለሁለተኛ ጊዜ ካሸነፍኩ በኋላ ሴቩ እንዳለ ለማየት አጥፍቼ ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ኮንቲኒዩ ይላል፣ ስሜ አለ፣ ስምንቱም ባጅ አለ። አሁን መንገድ 119 ነኝ፣ ከወንዙ ላይኛው ጫፍ ጀምሬ ካሬ በካሬ መንጠቆ እየጣልኩ፣ ድልድዩ ጋ ደርሻለሁ።