ጋጅትብሪጅ፦ ለግራፊንኦኤስ ስልክ የሚሆን የሰዓት መተግበሪያ

ደሴ፣ አራዳ ልብስ እሰፋለሁ። ማሽኑ ሲንጫጫ ስልክ አይሰማም፤ ስለዚህ ስማርት ሰዓት ግድ ሆነብኝ። ስልኬ ደግሞ ግራፊንኦኤስ፣ ማለትም ግላዊነትን የሚያስቀድም የአንድሮይድ ዓይነት ሥርዓት፣ የተጫነበት ፒክስል ነው፤ የጉግል አገልግሎት አብሮት አይመጣም። የብዙ ሰዓቶች መተግበሪያ አካውንት ክፈት፣ ያለህበትን ቦታ ፍቀድ እያለ ይነዘንዛል። የልብ ምቴን ለማላውቀው ሰርቨር ልገብር እንዴ?

በአምራቹ መተግበሪያ ፋንታ ሰዓቱን ከስልክ የሚያገናኘው ጋጅትብሪጅ ገላገለኝ። ኤፍ-ድሮይድ ከሚባለው የነፃ መተግበሪያዎች ማከማቻ በነፃ ይወርዳል፤ አካውንት የለ፣ ምዝገባ የለ። የኢንተርኔት ፈቃድ እንኳን አይጠይቅም፤ መረጃው እዚያው ስልኩ ላይ ይቀራል። ግን ሰዓት ስትገዙ አስቡበት። እንደ ፓይንታይም ያሉት በብሉቱዝ ብቻ ይጣመራሉ። ብዙዎቹ የአማዝፊት ሰዓቶች ግን ለመጣመር ቁልፍ (የሚስጥር ኮድ) ይፈልጋሉ፤ ቁልፉን ለማውጣት መጀመሪያ በአምራቹ መተግበሪያ መመዝገብ ሊኖርባችሁ ነው። ከዚያማ ምኑን ተደበቅነው?

ስልኩ ጋጅትብሪጅን ኖቲፊኬሽን እንዳያነብ ከከለከለው፣ የመተግበሪያውን መረጃ ገጽ ከፍታችሁ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ ፍቀዱ። ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ጨርቁን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ክንዴ ላይ ይነዝራል። ደንበኛ ከሆነ እግሬን ከፔዳሉ አነሳለሁ፤ ካልሆነ አብሽር፣ ይቆያል።

የእኔ ርካሽ ሰዓት ግን ፊደላችንን አያውቅም። «ቀሚሱ ደረሰ ወይ?» የሚል መልእክት ሲመጣ ስልኩን ከኪስ ማውጣት ነው። የልብ ምቱንም አላምነውም፤ የጦሳን ተራራ ሽቅብ ስወጣ ልቤ ሊፈነዳ ደርሶ፣ እሱ ቤቴ ቡና የምጠጣ ያስመስለኛል። ለጥሪ ግን በቂ ነው፤ ለስፖርት ከሆነ ሌላ ፈልጉ።